የመንገድ ዳር ዛፍ በሰፈራችን እንዴት ይጸድቃል? ከሚያዝያ እስከ ቀጣዩ ዓመት ግንቦት የሚያገለግል መመሪያ

በአዲስ አበባ ዳርቻ ባሉ ሰፈሮች፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በቂሊንጦ፣ በቦሌ አራብሳ፣ በየካ አባዶ፣ ሐምሌ ላይ ችግኝ ያልተተከለበት መንገድ ማግኘት ይከብዳል። ጥር ላይ በዚያው መንገድ ስታልፉ ግን ከብዙዎቹ የቀረው የደረቀ ዘንግ ነው። ችግኝ አጥተን አይደለም። የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየክረምቱ ችግኝ ይመጣል። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ብቻ በአገር አቀፍ ደረጃ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሯል። የሚተክል ጉልበትም ሞልቷል። የሚጎድለን ችግኙ መሬት ከገባ በኋላ ያለው ሥራ ነው። ያ ሥራ ደግሞ ባለቤት ይፈልጋል።

መሀል ከተማ በኮሪደር ልማት የተተከሉት ዛፎች ውሃ የሚያጠጣቸው ሠራተኛ አላቸው። እኛ ጋ በየሳምንቱ ቦቴ ይመጣል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። እዚህ ዛፍ የሚያድገው ፊት ለፊቱ የሚኖር ሰው «ይሄ የኔ ነው» ሲል ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከሰው ይጀምራል። ጉድጓዱና ችግኙ በኋላ ይመጣሉ።

1. ሚያዝያና ግንቦት፦ ለእያንዳንዱ ዛፍ ሰው ፈልጉ

መንገዳችሁን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግር ሂዱ። ዛፍ ሊቆምባቸው የሚችሉ ቦታዎችን በወረቀት ላይ ንደፉ። ከእያንዳንዱ ቦታ አጠገብ ማን እንደሚኖር ወይም ማን እንደሚውል ጻፉ። ባለሱቁ፣ ጀበና ቡና የምታፈላዋ ልጅ፣ የብሎኩ ጥበቃ፣ ጎሚስታው፣ ምድር ቤት የሚኖሩት እናት። ቀኑን ሙሉ እዚያው የሚውል ሰው ከሁሉ ይበልጣል። ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ ሰው ቅን ልብ ቢኖረውም ፍየል ሲመጣ ቤት የለም።

ከዚያ በር እያንኳኳችሁ ለየብቻ አናግሩ። ስብሰባ መጀመሪያ ላይ አይጠቅምም። ስብሰባ ላይ ሁሉም ይስማማል፤ ማን እንደሚያጠጣ ግን ሳይታወቅ ይበተናል። ጥያቄያችሁ ትንሽና ቁርጥ ያለ ይሁን። «አካባቢያችንን እናልማ» ማለት ማንንም አያንቀሳቅስም። እንዲህ ብትሉ ይሻላል፦

«እማማ፣ እዚህ ደጅዎ ላይ አንድ ወይራ ልንተክል ነው። ጉድጓዱን እኛ እንቆፍራለን። አጥሩንም እኛ እንሠራለን። እርስዎ ክረምቱ ሲወጣ በሳምንት አንድ ጀሪካን ውሃ ያስፈስሱለት፤ ፍየል ሲጠጋው ደግሞ ያባርሩልን። አደራ።»

በአደራ የተቀበለ ሰው ዝም ብሎ አይጥለውም። ጎረቤት ነገ ይጠይቀዋል። ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት ዛፍ አቅርቡና ራሳቸው ይምረጡ። የመረጡት ዛፍ ከተሰጣቸው ዛፍ ይልቅ ይከበራል።

ውሃ ይወደድብኛል ለሚል ሰው ሒሳቡን አሳዩት። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ 34 ሳምንት ያህል ነው። በሳምንት አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ በጣም በሚደርቁት ሦስት ወራት ደግሞ ሁለት ጀሪካን ብናደርገው፣ በጠቅላላው 940 ሊትር አካባቢ ይመጣል። ለዓመት ሙሉ አንድ ሜትር ኩብ እንኳ አይሞላም። የውሃ ቢላቸውን አውጥተው የአንድ ሜትር ኩብ ዋጋ ሲያዩ ብዙዎች ይገረማሉ።

ሌሎች ተቃውሞዎችም ይመጣሉ። አትናደዱ። አብዛኞቹ እውነት አላቸው።

«ሱቄን ይሸፍንብኛል» የሚለው ባለሱቅ ትክክል ነው፤ ዛፉን በሩ መሀል ላይ ካቆማችሁበት። በሁለት ሱቆች ድንበር ላይ ትከሉት። ዝቅ ያሉትን ቅርንጫፎች በየዓመቱ ቀስ በቀስ እያነሳችሁ ቅጠሉ ከማስታወቂያው በላይ እንዲያርፍ እንደምታደርጉ ንገሩት። ጥላ ያለበት ደጅ ደንበኛ እንደሚያስቀምጥ እሱ ከእናንተ ይበልጥ ያውቃል።

«ሌባ ይደበቅበታል» የሚለውን በተለይ ከሴቶች ትሰማላችሁ። ሌሊት ለቅዳሴ የምትወጣ፣ ሳይነጋ ታክሲ ለመያዝ የምትሮጥ ሴት ናት የምትናገረው። ስጋቷ ቁም ነገር ነው። መልሱ የዛፍ ምርጫ ነው። ከሥር ጀምሮ ጥቅጥቅ የሚል ቁጥቋጦ አትትከሉ። ግንዱ ጠርቶ የሚወጣ ዛፍ ምረጡ። የመንገድ መብራት ካለ ከሥሩ ራቁ።

«እኔ ተከራይ ነኝ፣ ነገ ልወጣ እችላለሁ» የሚል ሰው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብዙ ነው። ለዚህ አንድ ዘዴ አለ። ለእያንዳንዱ ዛፍ ሁለት ስም ጻፉ። አንዱ የማይነቃነቅ ነዋሪ፣ አንዱ ተከራይ። ተከራዩ ሲለቅ ከቤቱ ቁልፍ ጋር ዛፉንም ለሚተካው ያስረክባል። ይህ በብሎኩ ዘንድ ከተለመደ በኋላ ራሱን ችሎ ይሄዳል።

«ሥሩ ቤት ያናጋል» ለሚለው ደግሞ የዛፉን ዓይነት ጠይቁ። ዋርካ፣ ሾላና ባሕር ዛፍ በግድግዳ አጠገብ አይተከሉም። ወይራ ግን ከቤቱ አራት አምስት ሜትር ከራቀ ስጋት አይሆንም።

«የመንግሥት ሥራ ነው» ከሚል ሰው ጋር አትከራከሩ። አመስግናችሁ ወደሚቀጥለው በር እለፉ። የጎረቤቱ ዛፍ ጥላ መጣል ሲጀምር ተመልሳችሁ ጠይቁት።

አሁን እድርና የብሎክ ኮሚቴ ዘንድ መሄድ ይቻላል። ስም ዝርዝር ይዛችሁ ስትቀርቡ ንግግሩ ሌላ ይሆናል። ከእድሩ አካፋና ዶማ ጠይቁ። ከኮሚቴው ደግሞ ጥበቃዎቹ ሲዞሩ ዛፎቹን እንዲያዩ ትእዛዝ እንዲሰጥ ጠይቁ። ከሁሉም ቤት እኩል መዋጮ ከመሰብሰብ ይልቅ ሥራውን በየደጁ ማከፋፈል ይሻላል ባይ ነኝ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ።

2. ቦታውንና ፈቃዱን አረጋግጡ

ይህ አጭር ነው፤ ግን አትዝለሉት። ወረዳችሁ ሄዳችሁ አረንጓዴ ልማት የሚመለከተውን ክፍል ጠይቁ። ንድፋችሁን አሳዩ። ሁለት ነገር በግልጽ ጠይቁ። የመንገዱ ወሰን እስከ የት ነው? ወደፊት የሚሰፋ መንገድ ነው ወይ? በዳርቻ ሰፈር ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው። ዛሬ ሜዳ የሚመስለው ነገ አስፋልት ሊሆን ይችላል። እንዲሰፋ በታሰበ ዳር ላይ የሰውን ልፋት አታባክኑ።

ከዚያ ወደ ላይና ወደ ታች ተመልከቱ። ከላይ የመብራት ሽቦ አለ? ከሆነ ትልቅ ዛፍ እዚያ አይሆንም። ከታች የውሃ መስመር፣ የፍሳሽ ቱቦ ወይም የቴሌ ገመድ ያልፋል? ሳይቱ ሲሠራ የነበሩ ሰዎችንና የብሎኩን ቧንቧ ሠራተኛ ጠይቁ። ከመብራት ምሰሶ ቢያንስ ሦስት ሜትር ራቁ። ከመንገድ መገናኛ ላይ ደግሞ ሾፌር እይታ እንዳይጋረድበት ስምንት አሥር ሜትር ልቀቁ። በዛፍና በዛፍ መካከል ከስድስት እስከ ስምንት ሜትር ይበቃል።

3. አፈራችሁን እወቁ

አዲስ አበባ አንድ ዓይነት አፈር የላትም። በሰሜን በእንጦጦ ሥር ያለው ቀይ ነው፣ ውሃ ያሳልፋል። በደቡብና በምሥራቅ፣ በአቃቂ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በቦሌ አራብሳ በኩል በብዛት ያለው ጥቁር አፈር ነው። ክረምት ላይ ጫማ የሚይዘው፣ በጋ ላይ እጅ እስኪያስገባ የሚሰነጠቀው ማለት ነው። ብዙ ችግኝ የሚጠፋብን በዚህ አፈር ነው። ምክንያቱም ሁለት ነው።

ክረምት ላይ ጥቁር አፈር ውሃ ይቋጥራል። ጉድጓድ ቆፍራችሁ ችግኙን ዝቅ አድርጋችሁ ከተከላችሁ ጉድጓዱ ገንዳ ይሆናል። ሥሩ አየር ያጣል፣ ይበሰብሳል። ችግኙ ነሐሴ ላይ ቢጫ ሲሆን ሰው ውሃ የጠማው ይመስለዋል።

በጋ ላይ ደግሞ አፈሩ ሲሰነጠቅ ቀጫጭን ሥሮችን ይበጥሳል። በስንጥቁ የሚገባው ፀሐይና ነፋስ የቀረውን ያደርቃል። ውሃ ብታፈሱም በስንጥቁ ሰርጎ ጥልቅ ይወርዳል፤ ሥሩ አያገኘውም።

መፍትሔው ጉብታ ነው። በጥቁር አፈር ላይ ከመሬቱ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ጉብታ ሠርታችሁ በላዩ ላይ ትከሉ። ከጎኑ ውሃ የሚያስወጣ ትንሽ ቦይ አውጡ። የበጋውን ስንጥቅ ደግሞ በጉዝጓዝ እንከላከለዋለን፤ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

ሦስተኛ ዓይነት «አፈር» አለ፤ አፈር ብሎ ለመጥራት ቢከብድም። መንገድ ሲሠራ የተደለደለው ገረጋንቲና ከግንባታ የተረፈው ፍርስራሽ ነው። በአዳዲስ ሳይቶች የእግረኛው መንገድ ዳር አብዛኛው እሱ ነው። ዶማው «ቋ» ካለ እሱ ነው። እዚያ ላይ መደበኛ ጉድጓድ አይበቃም። ድንጋዩንና የሲሚንቶ ቁርጥራጩን አውጥታችሁ ጥሩ አፈር ከሌላ ቦታ ማምጣት አለባችሁ።

4. የትኛውን ዛፍ?

ሀገር በቀል ይቀድማል ባይ ነኝ፤ የሀገራችንን አየር ያውቀዋልና። ግን ሁሉም ሀገር በቀል ለሁሉም ሰፈር አይሆንም። ከተማችን ከአቃቂ 2,100 ሜትር ገደማ ተነስታ በእንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ትወጣለች። ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ወይራ ለብዙዎቹ ሰፈሮች የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። ድርቅ ይችላል፣ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፣ ሲገረዝ ይታዘዛል። ዝግ ብሎ ያድጋል፤ ይህን ለተንከባካቢው ከመጀመሪያው ንገሩት፣ አለዚያ በሁለተኛው ዓመት ተስፋ ይቆርጣል። በጥቁር አፈር ከሆነ ጉብታው የግድ ነው።

ግራር ሰፊ ቦታ ካላችሁ ውብ ነው። እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶ ሙሉ ብሎክ ያስቀምጣል። እሾህ ስላለው ጠባብ የእግረኛ መንገድ ላይና ሕፃናት በሚጫወቱበት አይሁን።

ብርብራ በአገራችን ብቻ የሚበቅል ዛፍ ነው። ሐምራዊ አበባ ያወጣል፣ ጥላው ደስ ይላል። ዋንዛም ነጭ አበባው ያምራል። ዋንዛ ግን በልጅነቱ ውርጭ አይወድም። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ሣሩ ነጭ በሚሆንበት ሜዳማ ሰፈር ከሆናችሁ ከግድግዳ ተጠግቶ ነፋስ በማይመታው ቦታ ቢሆን ይሻላል። ኮሶ ለእንጦጦ በኩል፣ ለቀዝቃዛው ደጋ ነው። አቃቂ ወርዶ አይደሰትም። ጽድ ብርድና ድርቅ ይችላል፣ ቅርንጫፉ ግን ከታች ስለሚጀምር እይታ በማያስፈልግበት አጥር ጥግ ይሁን። ዝግባ ለታጋሽ ሰው።

ከውጭ ከመጡት ግራቪሊያ ቶሎ ያድጋል፤ ሦስት አራት ዓመት ውስጥ ጥላ ይሰጣል። ቅርንጫፉ በኃይለኛ ነፋስ ይሰበራልና መኪና ከሚቆምበት ራቅ ይበል። ቅጠሉ የሚንጠለጠለው፣ በተለምዶ ቁንዶ በርበሬ የምንለው ዛፍ ደረቅ ቦታን በደንብ ይችላል። ከመብራት ሽቦ ሥር ከሆነ ቦትል ብራሽን (ቀይ አበባው የጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ የሚመስለውን) የመሰለ አጭር ዛፍ ምረጡ። ዘንባባ ውብ ነው፣ ግን ጥላ ፈልጋችሁ ከሆነ አይሰጣችሁም።

አንድ መንገድ ላይ አንድ ዓይነት ብቻ አትደርድሩ። ተባይ ወይም በሽታ ከገባ ሁሉም አብሮ ይሄዳል። ሦስት ዓይነት ቢፈራረቁ ይበቃል።

ባሕር ዛፍስ? በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ማገዶ አልቆባት ለነበረችው ከተማ የደረሰላት እሱ ነው። ውለታው ትልቅ ነው። ለመንገድ ዳር ግን አይሆንም። ውሃ አብዝቶ ይጠጣል፣ ከሥሩ ሌላ ነገር አያበቅልም፣ ቅርንጫፉም ይወድቃል። አቮካዶና መሰል ፍሬ ደግሞ ለግቢ ይሁን። መንገድ ላይ ፍሬው ሳይደርስ ቅርንጫፉ ይሰበራል።

ችግኙን ስትመርጡ ረጅሙን አትሻሙ። ግንዱ ቢያንስ እርሳስ ያህል የወፈረ፣ ቁመቱ እስከ አንድ ሜትር የሆነ፣ ፀሐይ የለመደ ይሁን። ከዳስ ጥላ ሥር በቀጥታ የወጣ ለስላሳ ችግኝ መንገድ ላይ ሲደርስ ይቃጠላል። የፕላስቲኩን ታች እዩ። ሥሩ ቀዶ ወጥቶ ወፍሮ ከሆነ ችግኙ ብዙ ቆይቷል ማለት ነው፤ ተዉት።

5. ግንቦት፦ ጉድጓዱን አስቀድሙ

ጉድጓድ በተከላ ቀን አይቆፈርም። ወር ቀድሞ ይቆፈራል፣ አየርና ፀሐይ ያገኛል። ቀይ አፈር ላይ ርዝመቱም ወርዱም ጥልቀቱም 50 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ገረጋንቲ ላይ እስከ 80 ሂዱ። የላዩን ለም አፈር በአንድ በኩል፣ የታችኛውን በሌላ በኩል ከምሩ። በኋላ ለሙ ወደ ሥሩ ይመለሳል።

ጥቁር አፈር ላይ የጉድጓዱ ግድግዳ በአካፋ ተላልጦ እንደ ሸክላ ይለሰልሳል። ሥር ያንን አይበሳም፤ ዙሪያውን ይጠመጠማል። በዶማ ጫፍ ግድግዳውን ቧጥጡት።

የበሰበሰ ኮምፖስት ወይም በደንብ ያረጀ ፍግ አዘጋጁ። ለአንድ ጉድጓድ ሁለት አካፋ ከለሙ አፈር ጋር ይደባለቅ። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። ኮብልስቶን በተነጠፈበት ቦታ ቢያንስ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ክፍት መሬት ለዛፉ ተዉለት። ድንጋዩን ለማንሳት ወረዳውን ማስፈቀድ አትርሱ።

6. ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ መጨረሻ፦ ተከላው

መሬቱ በደንብ ሲርስ ጀምሩ። ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ አትትከሉ። ሥሩ ክረምቱ ሳይወጣ መሬት መያዝ አለበት። ደመና የሆነ ቀን፣ ወይም ጠዋት ማልዳችሁ፣ ወይም አመሻሹ ላይ ይሁን። የዘመቻ ቀን ካለ ተጠቀሙበት፤ ችግኙ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። ተንከባካቢዎቹ ግን እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ዛፍ በእጃቸው ይትከሉ። ልጆች ካሏቸው ልጆቹም ይያዙ። ልጅ የተከለውን ሌላ ልጅ ሲሰብርበት ዝም አይልም።

አተካከሉ እንዲህ ነው። የፕላስቲኩን ታች አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር በምላጭ ቁረጡ፤ የተጠመጠመው ሥር አብሮ ይወገዳል። ከዚያ ጎኑን ከላይ እስከ ታች ሰንጥቁ። አፈሩ እንዳይበተን በሁለት እጅ ደግፋችሁ አስቀምጡ። ፕላስቲኩን ሙሉ በሙሉ አውጡ። ከነፕላስቲኩ የተቀበረ ችግኝ ስንት ነው ያየሁት! ሥሩ መውጫ አጥቶ እዚያው ታፍኖ ይሞታል። ፕላስቲኮቹን በአንድ ጆንያ ሰብስቡ፣ ቦይ ውስጥ አይጣሉ።

ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት ቦታ ከአፈሩ ገጽ ጋር እኩል ይሁን። ከዚያ በላይ መቅበር ግንዱን ያበሰብሳል። አፈሩን በእጅ ጠቅጥቁ፤ ጭቃ ከሆነ በጫማ አትርገጡት። ምሰሶ የምታቆሙ ከሆነ ከሥሩ ወጣ ብሎ ይተከል። ያረጀ ጨርቅ ወይም የብስክሌት ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ላላ አድርጋችሁ እሰሩ። ሽቦ ግንዱን ይቆርጣል።

7. አጥር በዚያው ቀን

ነገ እናጥራለን ማለት ለፍየል መተው ነው። በዳርቻ ሰፈር ከብት፣ በግ፣ ፍየልና አህያ ከእኛ ጋር ይኖራሉ፤ ባለቤቶቻቸውም ጎረቤቶቻችን ናቸው። ሄዳችሁ አነጋግሯቸው፤ ከእነሱም ለአንዱ ዛፍ አደራ ስጡ። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። እረኛው ባለዛፍ ከሆነ መንጋው መንገድ ይቀይራል።

አጥሩ አራት አጣና፣ ዙሪያውን ያረጀ ሽቦ ወይም እሾህ፣ ቁመቱ ከ1.20 ሜትር ያላነሰ ይሁን። ከግንዱ ግማሽ ሜትር ይራቅ። ፍየል በኋላ እግሯ ቆማ አንገቷን ታስገባለችና ጠባብ አጥር ዋጋ የለውም። ቆርቆሮ ዙሪያውን አትሸፍኑ፤ ፀሐይ ሲመታው ችግኙን ይጋግረዋል። በአጥሩ ላይ የተንከባካቢውን ስም ጽፋችሁ ስቀሉ። በግልጽ፣ በትልቁ። «የጋሽ እገሌ ወይራ» የተባለ ዛፍ ላይ መኪና ለማቆም ሰው ያመነታል።

8. ከመስከረም እስከ ግንቦት፦ ዋናው ሥራ

ዝናባችን አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። የበልጉ ዝናብ ሲመጣ ይመጣል፣ ሲቀር ይቀራል። ስለዚህ ዛፉ የሚፈተነው በጋ ላይ ነው። እዚህ ከተጋችሁ ከላይ የጎደለ ነገር እንኳ ይካሳል።

መስከረም እንደገባ አረሙን ንቀሉ፤ በአንድ ሜትር ዙሪያ። አፈሩ ገና እርጥብ ሳለ ጉዝጓዝ አልብሱት። ደረቅ ሣር፣ ገለባ፣ የተጠረገ ቅጠል፣ ከበዓል የተረፈ ቄጠማ፣ ሁሉም ይሆናል። ውፍረቱ አንድ ጣት ሙሉ ርዝመት ያህል ይሁን። ግንዱን ግን አይንካ፤ የአንድ መዳፍ ክፍተት ተዉ። ጥቁር አፈር ላይ ጉዝጓዝ የግድ ነው። ከዚያም አልፎ አፈሩ ከተሰነጠቀ ስንጥቁን በደቃቅ አፈርና ኮምፖስት ሙሉት። ውሃ ከማጠጣታችሁ በፊት ሙሉት፣ አለዚያ ውሃው ያመልጣል።

ከጥቅምት ጀምሮ በሳምንት አንድ ጀሪካን። ከጥር እስከ መጋቢት በሳምንት ሁለት። በየቀኑ አንድ ኩባያ መርጨት ጉዳት ነው። ውሃው ላይ ላዩን ይቀራል፣ ሥሩም ወደ ላይ ይመጣና ፀሐይ ያገኘዋል። አንድ ጊዜ፣ ብዙ፣ ቀስ ብሎ። ቀይ አፈርና ገረጋንቲ ውሃ ቶሎ ስለሚያሳልፉ ጀሪካኑን ለሁለት ቀን ከፍሉት። ጊዜው አመሻሽ ወይም ማለዳ ይሁን። ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገቡ፤ እርጥብ ከሆነ ቀኑን አሳልፉት።

ውሃ በፈረቃ ሲሆን ሰው መጀመሪያ የሚረሳው ዛፍ ነው፤ ተፈጥሯዊም ነው። ለዚህ የወጥ ቤት ውሃ አለ። ምስር፣ ሩዝ፣ ጎመንና ድንች የታጠበበትን ውሃ በባልዲ አጠራቅሙ። በረኪና፣ የዱቄት ሳሙናና ጨው ያለበትን ግን ለዛፍ አትስጡ። ጀበና ቡና የምታፈላዋ ልጅ የቡና አተላዋን በጉዝጓዙ ላይ ስስ አድርጋ ብትበትነው ለአፈሩ ጥሩ ነው። አንዳንዱ ሰው የሃይላንድ ፕላስቲክ ውሃ ሞልቶ፣ ክዳኑን በስቶ ከችግኙ አጠገብ ደፍቶ ይተክላል። መንገድ ስትሄዱ ያግዛል፤ ለብቻው ግን አይበቃም።

ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ በሚጥልበት ሰፈር ለስላሳ ችግኞችን ማታ በጆንያ ሸፍኑ፣ ጠዋት ግለጡ። ጆንያው በአጥሩ ላይ ይረፍ እንጂ ቅጠሉ ላይ አይጫን።

በየወሩ መጀመሪያ እሑድ እያንዳንዱ ተንከባካቢ የዛፉን ፎቶ በብሎኩ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለጥፍ። ስልክ የሌላቸው እናቶችን ዛፍ ልጆች ያንሡላቸው። ፎቶ ያልመጣበትን ሰው በግሩፑ አትውቀሱ። በር አንኳኩና «እንዴት ሰነበታችሁ» በሉ። ታሞ ይሆናል፣ ለቅሶ ላይ ይሆናል። ያንን ሳምንት ጎረቤት ያጠጣለት።

9. የሚያዘናጉ ቀኖች

ዛፍ የሚጎዳባቸው የታወቁ ጊዜዎች አሉ። በወረቀታችሁ ላይ ምልክት አድርጉባቸው።

ኅዳር 12፣ ኅዳር ሲታጠን። በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ የፈጀውን የኅዳር በሽታ ተከትሎ የመጣ ልማድ ነው፤ በየሰፈሩ ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል። ቆሻሻው የሚከመረው መንገድ ዳር ነው፣ ችግኙም እዚያው ነው። ጉዝጓዙ ደግሞ ደርቋል። ከዋዜማው ልጆቹን ሰብስባችሁ የሚቃጠልበትን ቦታ አሳዩአቸው፤ ከዛፍ አምስት ሜትር ይራቅ።

የእንቁጣጣሽ፣ የገናና የፋሲካ ሰሞን። በግና ፍየል ነጋዴዎች መንገዳችን ዳር ይሰፍራሉ። አጥሩን ከበዓሉ ሳምንት ቀድማችሁ ጠግኑ። ነጋዴዎቹንም በትሕትና አነጋግሩ፤ ከብት በዛፍ ላይ እንዳያስሩ።

ግንባታ። ዳርቻ ሰፈር ሁሌ የሚሠራ ቤት አለ። አሸዋና ጠጠር ችግኝ ላይ ይደፋል። የሲሚንቶ እጣቢ ሥሩ ላይ ይፈስሳል፤ ያ አፈሩን ይገድላል። ገልባጭ መኪናው ሳይመጣ ፎርማኑን አግኙት። አጥሩ ላይ ቀይ ጨርቅ እሰሩ፤ ሾፌር ወደ ኋላ ሲነዳ ይታየው።

10. ሁለተኛው ዓመትና ከዚያ በኋላ

ግንቦት ላይ ንድፋችሁን ይዛችሁ መንገዱን እንደገና ሂዱ። የሞተውን ምልክት አድርጉ። ተንከባካቢውን አትውቀሱ፤ ለምን እንደሞተ አብራችሁ ፈልጉ። ነቅላችሁ ሥሩን እዩ። ሥሩ ጥቁርና የሚሸት ከሆነ ውሃ በዝቶበታል፤ ጉብታ ሥሩለት። ደርቆ ከተሰበረ ውሃ አንሶታል። ተጠምጥሞ ከሆነ ፕላስቲኩ ወይም የጉድጓዱ ግድግዳ ነው። ምክንያቱን ሳታውቁ በዚያው ጉድጓድ ሌላ ችግኝ አትትከሉ።

በሁለተኛው በጋ ውሃው በየአሥር ቀኑ አንድ ጀሪካን ይሁን፤ ግን ከግንዱ ራቅ ብሎ፣ በቅርንጫፎቹ ጫፍ ትክክል ይፍሰስ። ሥሩ ወደዚያ እየሄደ ነው። ሦስተኛው በጋ ላይ ብርቱ ድርቅ ካልሆነ አብዛኞቹ ራሳቸውን ይችላሉ። ማሰሪያውን በየስድስት ወሩ ላላ አድርጉት። ግንዱ ነፋስ ሲመታው ራሱን ችሎ ከቆመ ምሰሶውን አውጡና ለአዲስ ችግኝ አዛውሩት።

ግረዛ ከሁለተኛው ዓመት በፊት አትጀምሩ። ቅጠል ለሥሩ ምግብ ነው። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ በበጋው መጨረሻ ከታች ያሉትን ሁለት ሦስት ቅርንጫፎች ብቻ በስለታም መጋዝ አንሡ፣ ከግንዱ ሳትጎዱ። በአንድ ጊዜ ከቅጠሉ ሩብ በላይ አይውጣ። የእግረኛ ጭንቅላት እንዳይነካ ሁለት ሜትር ተኩል እስኪጠራ በየዓመቱ ቀጥሉ። ሽቦ የነካ ቅርንጫፍ ካለ ራሳችሁ አትውጡ፤ መብራት ኃይልን ጥሩ። ሙሉ ዛፍ መቁረጥ ካስፈለገ ደግሞ ያለ ወረዳው ፈቃድ መጋዝ አይነሣ።